ምዕራፍ 6፦ ዛላው፣ ዱቄቱና ጭሱ፤ የጋሊየም አርሴናይድ ባሕርይና አያያዝ

ባለፉት ምዕራፎች ሲሊከን ከአሸዋ ወጥቶ፣ ተጣርቶና ተቆራርጦ የኤሌክትሮኒክስ ዓለም መሠረት እንዴት እንደሆነ ታይቷል። በምዕራፍ 2 እንደተብራራው ሰሚኮንዳክተር ወይም ከፊል አስተላላፊ የሚባለው ቁስ ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ ያለ ገደብ የማያሳልፍ፣ እንደ ብርጭቆም ጨርሶ የማይከለክል፣ ይልቁንም ጥቂት ባዕድ አቶሞች ሲጨመሩበት፣ ሲሞቅ ወይም ብርሃን ሲያርፍበት ጠባዩን የሚለውጥ ነው። በዚህ ምዕራፍ የሚታየው ጋሊየም አርሴናይድ የዚሁ ቤተሰብ አባል ሲሆን፣ አንዳንድ ሥራዎችን ሲሊከን ሊደርስበት በማይችል ብቃት ይሠራል፤ ይሁን እንጂ ከክብደቱ 52 በመቶ ያህሉ አርሴኒክ ነው፤ አርሴኒክ ደግሞ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ በመርዝነት የሚያውቀው ንጥረ ነገር ነው።

ስለዚህ ውሁድ በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «መርዝ ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ሲሆን፣ ጥያቄው በዚህ መልክ እስከቀረበ ድረስ የሚሰጠው መልስ ሁሉ ያሳስታል። «መርዝ ነው» ቢባል በኪሱ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ያለምክንያት ይሰጋል፤ «አይደለም» ቢባል ደግሞ በመጋዝና በእቶን አጠገብ የሚውለው ሠራተኛ ያለጥበቃ ይቀራል። ትክክለኛው ጥያቄ ቁሱ በምን ይዞታ ላይ ነው፣ ወደ ሰውነት የሚገባው በየት በኩል ነው፣ መጠኑስ ምን ያህል ነው የሚለው ነው፤ የአያያዝ ደንቡም በሙሉ ከዚህ ጥያቄ ይመነጫል።

ሁለት ንጥረ ነገሮች በአንድ ክሪስታል

ጋሊየም ብረት ቢሆንም በ29.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ በመዳፍ ሙቀት ብቻ ፈሳሽ ይሆናል። ሩሲያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ እ.ኤ.አ. በ1871 በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዡ ላይ ባዶ ቦታ ትቶ መኖሩን የተነበየለት ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ሌኮክ ደ ቧቦድራን ከአራት ዓመት በኋላ አግኝቶታል። ዛሬ በአብዛኛው የሚመረተው ቦክሳይት የተባለው የአሉሚኒየም ማዕድን ሲጣራ በተረፈ ምርትነት ነው።

የጋሊየም አቶም ለትስስር የሚያዋጣቸው ሦስት የውጭ ኤሌክትሮኖች ሲኖሩት አርሴኒክ አምስት አሉት፤ ሲደመሩ ስምንት ይሆናሉ። በምዕራፍ 2 ሁለት የሲሊከን አቶሞች አራት አራት አዋጥተው ስምንት የሚሞሉበት ስሌት ታይቶ ነበር፤ እዚህም ድምሩ ያው ነው፤ የተለየው መዋጮው እኩል አለመሆኑ ነው። በክሪስታሉ ውስጥ እያንዳንዱ የጋሊየም አቶም በአራት የአርሴኒክ አቶሞች፣ እያንዳንዱም የአርሴኒክ አቶም በአራት የጋሊየም አቶሞች ተከብቦ ሥርዓቱን የጠበቀ መረብ ይሠራል። በመዳፍ የሚቀልጠው ጋሊየምና ሲሞቅ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ትነት የሚለወጠው አርሴኒክ ተሳስረው፣ እስከ 1,238 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ የማይቀልጥ፣ ጥቁር ግራጫ፣ አንጸባራቂና ተሰባሪ ጠጣር ይሆናሉ።

ይህን መሰል ውሁዶች ሰሚኮንዳክተር መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጀርመኑ የሲመንስ ኩባንያ ሄንሪክ ቬልከር ካሳየ በኋላ ጋሊየም አርሴናይድ የብዙ ተመራማሪዎች ትኩረት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ ውስጥ ሮበርት ሆልና የሥራ ባልደረቦቹ ከዚሁ ክሪስታል የመጀመሪያውን የሰሚኮንዳክተር ሌዘር ሠሩ። የተለያዩ ውሁዶችን በስስ ንብርብር የማነባበር ጥበብን ያሳደጉት ዞሬስ አልፌሮቭና ኸርበርት ክሮመርም እ.ኤ.አ. በ2000 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ከጃክ ኪልቢ ጋር ተጋርተዋል።

ይህ ሁሉ ድካም የተደከመበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ብርሃን ነው፤ በሲሊከን ውስጥ ከከፍተኛ የኃይል ደረጃ ወደ ዝቅተኛው የሚወርድ ኤሌክትሮን ትርፍ ኃይሉን በአብዛኛው በሙቀትነት ሲያባክነው፣ በጋሊየም አርሴናይድ ውስጥ ግን ያው ኃይል በቀጥታ ብርሃን ሆኖ ይወጣል። ብርሃኑ ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ነው፤ የቴሌቪዥን ሪሞት ኮንትሮል ትእዛዙን የሚልከው በዚህ ዓይነቱ ብርሃን ነው። ሁለተኛው ፍጥነት ነው፤ በንጹሕ ጋሊየም አርሴናይድ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ለተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ግፊት በሲሊከን ውስጥ ከሚጓዙበት ስድስት እጥፍ ገደማ ስለሚፈጥኑ፣ በሴኮንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ የሚርገበገበውን የሬዲዮ ሞገድ ለማጉላት ይመረጣል። ከተንቀሳቃሽ ስልክ ወደ አንቴና ማማ የሚሄደውን ሞገድ የምታጎላው ትንሽ ቺፕ በብዙ ስልኮች ውስጥ ከጋሊየም አርሴናይድ የተሠራች ናት።

ዛላው እስካልተደቀቀ ድረስ

ለዚህ ሁሉ ጥቅም ያበቃው ትስስር አርሴኒኩንም አስሮ የያዘው ነው። የክሪስታሉን ሁለት ገጽታ፣ ማለትም ጠቃሚነቱንና አደገኛነቱን፣ ለያይተው ሁለት የተለያዩ ታሪኮች አድርገው የሚያቀርቡ ጽሑፎች ይህን ነጥብ ያልፉታል። ትስስሩ እስካለ ድረስ አርሴኒኩ በመረቡ ውስጥ ታስሮ ይቆያል፤ ትስስሩ ሲፈታ፣ ወይም ለመፈታት የተጋለጠው ገጽ ሲበዛ፣ አርሴኒክ ሆኖ ይወጣል።

ነገሩ በማንኛውም የኢትዮጵያ ማጀት ውስጥ ከሚታወቅ ነገር ጋር ሊነጻጸር ይችላል። ዛላ በርበሬ በጆንያ ተሞልቶ ከቤት ጥግ ለወራት ቢቀመጥ ማንንም አያስነጥስም፤ ሙቀጫ ውስጥ ገብቶ ሲወቀጥ ግን ብናኙ አፍንጫና ጉሮሮ ይይዛል፤ አንድ ዛላ ከፍም ላይ ቢወድቅ ደግሞ ጭሱ ቤተሰቡን በሙሉ ወደ ደጅ ያስወጣል። በሦስቱም ጊዜ የሚያቃጥለው ነገር ያው ነው፤ የተለወጠው ይዞታው ነው፤ ይዞታው በተለወጠ ቁጥርም ወደ ሰው የሚደርስበት መንገድ ያጥራል። በርበሬ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር እርጥቡን ሲደለዝ ብናኝ እንደማያነሣም ባለሙያ ሁሉ ያውቃል። በጋሊየም አርሴናይድ ሥራም አርሴኒኩ እንደ ዛላው በሙሉ ክሪስታል፣ እንደ ዱቄቱ በብናኝ፣ እንደ ጭሱም በጋዝ መልክ ይገኛል፤ ከዚህ በታች እንደሚታየውም ውሃው ለእርሱም ያገለግላል።

ምሳሌው የማይሠራበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ እሱም ሊዘነጋ የማይገባው ነው። በርበሬ ገና ሲነካ ያስነጥሳል፣ ያስለቅሳል፤ ሰውም ጉዳት ሳይደርስበት ይሸሻል። አርሴኒክ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ የለውም። በሥራ ላይ ያለ ሰው ለጤና አደገኛ የሆነ መጠን ለዓመታት እየተነፈሰ ምንም ላይሰማው ይችላል። በበርበሬ ፊት የሰውነት ስሜት ያደርገው የነበረውን ጥበቃ እዚህ መሣሪያ፣ ደንብና ልኬት ሊያደርጉት ግድ ነው።

መጋዙ የሚያስነሣው

ክሪስታሉ ከእቶን ሲወጣ ድፍን ግንድ የሚመስል ሲሆን፣ ዌፈር ወደሚባሉ ክብና ስስ ዝርግ ቁራጮች ይሰነጠቃል፤ ከዚያም ገጹ እንደ መስታወት እስኪሆን ድረስ ይሞረዳል። በዚህ ሂደት ከግንዱ ብዙው ክፍል ዌፈር ሳይሆን ይቀራል፤ መጋዙ ባለፈበት ሁሉ ደቅቆ ከማቀዝቀዣው ፈሳሽ ጋር ግራጫ ጭቃ ይሆናል። ጭቃው እርጥብ እስከሆነ ድረስ አየር ውስጥ አይገባም። አደጋው የሚጀምረው ከማሽኑ ጎን የተፈናጠረው ጠብታ ሳይጠረግ ሲያድር፣ ሲደርቅና በማግስቱ በጨርቅ ወይም በእጅጌ ሲታሸት ነው።

መድቀቅ ለምን ይህን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በእያንዳንዱ ጎኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ ጠቅላላ ገጹ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ይኸው ኩብ ጎናቸው የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ወደሆነ ጥቃቅን ኩቦች ቢከፋፈል ብዛታቸው አንድ ትሪሊዮን፣ ጠቅላላ ገጻቸውም 6 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ክብደቱ ሳይጨምር ገጹ በ10,000 እጥፍ አደገ ማለት ነው። አየርም ሆነ የሰውነት ፈሳሽ ክሪስታሉን የሚያጠቃው በገጹ በኩል ነው፤ ገጹ ከአየር ጋር ሲገናኝ ኦክሳይድ ይሆናል፣ ከኦክሳይዱም የአርሴኒኩ ክፍል በፈሳሽ ውስጥ ይሟሟል። ይህን ያህል ደቃቅ የሆነ ብናኝ በአፍንጫና በጉሮሮ ሳይያዝ እስከ ሳንባ የመጨረሻ የአየር ከረጢቶች ድረስ ዘልቆ ይገባል፤ እዚያም ቆይቶ አርሴኒኩን ጥቂት በጥቂት ወደ ደም ይለቃል።

በዚህ መሠረት የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ምዘና ጋሊየም አርሴናይድን በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ከሆኑት የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ተቋሙ ውሳኔውን የሰጠው በጋሊየም አርሴናይድ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ብቻ የተደረገ ጥናት በቂ ማስረጃ ስላቀረበለት አይደለም፤ ውሁዱ በሰውነት ውስጥ የሚለቀው አርሴኒክ ካንሰር አምጪነቱ አስቀድሞ ከተረጋገጠው ኢኦርጋኒክ፣ ማለትም ከካርቦን ጋር ካልተሳሰረ፣ አርሴኒክ የተለየ ባለመሆኑና ብናኙን ለሁለት ዓመት እንዲተነፍሱ በተደረጉ ሴት አይጦች ላይ የሳንባ ዕጢ በመታየቱ ነው። ውሳኔው ተቃውሞ አልታጣበትም፤ የሚለቀው መጠን አነስተኛ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች ምድቡ ከማስረጃው የቀደመ ሆኖ አግኝተውታል። ክርክሩ ለሳይንስ ተገቢ ነው፤ በመጋዙ ፊት ለቆመው ሠራተኛ ግን የጥንቃቄው ወገን ማመዘን አለበት፤ ምክንያቱም ክርክሩ እስኪቋጭ ድረስ የሚተነፍሰው እሱ ነው።

በዩናይትድ ስቴትስ ሕግ በሥራ ቦታ አየር ውስጥ የሚፈቀደው ኢኦርጋኒክ አርሴኒክ በ8 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 10 ማይክሮግራም ነው፤ ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። 5 ሜትር በ4 ሜትር ወርድ፣ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል 60 ሜትር ኩብ አየር ስለሚይዝ፣ በግዝፈቱ አንዲት የጤፍ ፍሬ የሚያክል የጋሊየም አርሴናይድ ቅንጣት ሙሉ በሙሉ ብናኝ ሆኖ ቢበተንበት የክፍሉ አየር ከዚህ ገደብ ላይ ይደርሳል። ያችው ቅንጣት ሳትደቅ ወለሉ ላይ ብትቀመጥ ግን የክፍሉን አየር የምትለውጠው ነገር የለም።

ሽታ የማያድነው ጋዝ

ከሦስቱ ይዞታዎች እጅግ የሚያስፈራው ጋዙ ነው። አርሲን የሚባለው ይህ ጋዝ አንድ የአርሴኒክ አቶም ከሦስት የሃይድሮጅን አቶሞች ጋር ሲያያዝ የሚፈጠር፣ ቀለም የሌለው፣ ከአየር 2.7 እጥፍ የሚከብድና በዚህም የተነሣ ወደ ወለልና ወደ ጉድጓድ የሚወርድ ነው። በብዙ ፋብሪካዎች ስስ የጋሊየም አርሴናይድ ንብርብር የሚበቅለው ይኸው ጋዝ ጋሊየም ካዘለ ሌላ ትነት ጋር በጋለ ዌፈር ላይ እንዲያልፍ ተደርጎ ነው። ስለዚህ መርዙ ከክሪስታሉ በኋላ ብቻ ሳይሆን ከክሪስታሉ በፊትም አለ፤ ያውም በከፋ መልኩ።

አርሲን ወደ ደም ሲገባ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈነዳል፤ ከሴሎቹ የሚፈሰው ቀይ ንጥረ ነገርም ኩላሊትን ያውካል። የተጋለጠው ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ራስ ምታቱ፣ ድካሙ፣ የሆድ ሕመሙና የሽንቱ መቅላት ወይም መጥቆር ዘግይተው ይመጣሉ። በመሆኑም ወደ ንጹሕ አየር የወጣ ሰው «አሁን ተሽሎኛል» ቢልም ወዲያውኑ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። በሌሎች የአርሴኒክ መመረዞች የሚረዱት አርሴኒክን ከሰውነት የሚያወጡ መድኃኒቶች የደሙን መፍረስ አያቆሙም፤ በከባድ ሁኔታ ዋናው ሕክምና የታማሚውን ደም በሌላ ደም መተካት ነው።

ጋዙ እንደ ነጭ ሽንኩርት የሚል ሽታ አለው ይባላል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚህ ሽታ መተማመን ሞትን መጋበዝ ነው። በአሜሪካ ሕግ በሥራ ቦታ የሚፈቀደው ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 0.05 ክፍል ሲሆን፣ ሰው ሽታውን የሚለየው ከ0.5 ክፍል አካባቢ ጀምሮ ነው። አፍንጫ ሲያውቀው መጠኑ ከተፈቀደው አሥር እጥፍ ደርሷል። ይህን ክፍተት የሚሞሉት ያለማቋረጥ አየሩን የሚመረምሩ ጠቋሚ መሣሪያዎችና በእነርሱ ትእዛዝ ራሳቸውን የሚዘጉ ቫልቮች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ለአንዳንድ ሥራዎች ጋዙ በሲሊንደሩ ውስጥ በግፊት ከመታመቅ ይልቅ ቀዳዳ በበዛበት ጠጣር ላይ ተጣብቆ ከውጭው አየር ባነሰ ግፊት እንዲቀመጥ የሚያደርግ ዘዴ ሥራ ላይ ውሏል። እንዲህ ያለ ሲሊንደር ቢሰነጠቅ በመጀመሪያ የሚሆነው ጋዙ መውጣቱ ሳይሆን የውጭው አየር መግባቱ ነው። ለሠራተኛው ደኅንነት ከታሰቡት ፈጠራዎች ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ብልሃት ማግኘት ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ጥበቃው በሰው ንቃት ላይ ሳይሆን በራሱ በጋዙ ይዞታ ላይ የተመሠረተ ነው።

አርሲን ማንም ሳያስበውም ሊፈጠር ይችላል። አሲድ ከዚንክ ወይም ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ሃይድሮጅን በአጠገቡ ያለውን አርሴኒክ ይዞ አርሲን ይሆናል፤ እንግሊዛዊው ኬሚስት ጄምስ ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1836 በተመረዘ ሰው ሬሳ ውስጥ አርሴኒክን የሚያገኝበትን ታዋቂ ምርመራ የሠራው በዚሁ መንገድ ነበር። በፍርድ ቤት እውነትን ያወጣው ኬሚስትሪ በቆሻሻ በርሜል ውስጥ ሲደገም ሰው ይገድላል። የጋሊየም አርሴናይድ ጭቃና ስብርባሪ ከአሲድና ከብረት ቁርጥራጭ ተለይቶ፣ ስሙ በተጻፈበት ክዳን ባለው ዕቃ የሚቀመጠውም ስለዚህ ነው።

የአያያዙ መላ

እስካሁን ከተባለው የአያያዙ መላ በራሱ ይወጣል፤ ቁሱ ከዛላነት ወደ ዱቄትነት፣ ከዱቄትነትም ወደ ጭስነት እንዳይሻገር መከልከል፣ መሻገሩ ግድ በሆነበት ቦታ ደግሞ ከሰው መለየት ነው። መቁረጥና መሞረድ በፈሳሽ ይሠራል፤ ብናኙ ከሚነሣበት ቦታ አጠገብ አየሩ ተመጥጦ በማጣሪያ ያልፋል። ዌፈር በጣም ተሰባሪ ስለሆነ በመቆንጠጫ ይያዛል፤ ቢሰበር በመጥረጊያ አይጠረግም፣ በታመቀ አየርም አይነፋም፤ ትልልቁ ስባሪ በመቆንጠጫ ተለቅሞ ቀሪው በረጠበ ጨርቅ ይታበሳል፣ ጨርቁም እንደ አደገኛ ቆሻሻ ይቆጠራል። ጓንት ተደርጎ ይሠራል፤ በሥራው ክፍል አይበላም፣ አይጠጣም፤ የሥራ ልብስም ወደ ቤት አይሄድም፤ የአባት ካፖርት የተሸከመው ብናኝ የልጅ አልጋ ላይ ሊራገፍ ይችላልና።

ብዙውን ጊዜ ችላ የሚባለው ግን የጽዳትና የጥገና ሠራተኛው ነው። ጋሊየም አርሴናይድ ሲቀልጥ አርሴኒኩ ትቶ ለመሄድ ስለሚጥር፣ ቅላጩ በቀለጠ የቦሮን ኦክሳይድ ሽፋን ታፍኖ በከፍተኛ የጋዝ ግፊት ውስጥ ይያዛል፤ ያም ሆኖ ያመለጠው አርሴኒክ በእቶኑ ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ጥላሸት መስሎ ይጋገራል። እቶኑ በሚሠራበት ጊዜ የተዘጋ ስለሆነ በአጠገቡ የሚቆመው ባለሙያ የሚያገኘው ጥቂት ነው። እቶኑ ሲቀዘቅዝና ሲከፈት ግን ሌላ ሰው ራሱንና ክንዱን አስገብቶ ያንን ቅርፊት ይፈቀፍቃል፤ በዚህ ኢንዱስትሪ በተደረጉ ልኬቶች ከፍተኛ መጋለጥ የሚገኘውም በዚህ ሥራ ላይ ነው። ስለ ደኅንነት ሲታቀድ ነጭ ካባ የለበሰው መሐንዲስ እንጂ መፈቅፈቂያ የያዘው ሠራተኛ የማይታሰብ ከሆነ ዕቅዱ ዋናውን ሰው ስቷል። ለዚህ ሠራተኛ ከፍተኛ ማጣሪያ ያለው የመተንፈሻ መከላከያ፣ ሙሉ ልብስና መታጠቢያ ያስፈልጉታል፤ የብናኝ ማጣሪያ ግን ጋዝን እንደማያቆም፣ አርሲን በሚጠረጠርበት ቦታ ከውጭ ወይም ከጀርባ ሲሊንደር ንጹሕ አየር የሚሰጥ መሣሪያ ግዴታ እንደሆነም ሊነገረው ይገባል።

ጥበቃው መሥራቱ የሚታወቀው በሽንት ምርመራ ነው፤ ሰውነት ከገባበት አርሴኒክ ብዙውን በጥቂት ቀናት ውስጥ በሽንት ስለሚያስወጣ ልኬቱ የቅርብ ጊዜውን መጋለጥ ያሳያል። የባሕር ዓሣና መሰሎቹ በተፈጥሮ የያዙት ጉዳት አልባ የአርሴኒክ ዓይነት ጠቅላላውን ቁጥር ስለሚያንረው፣ ተመርማሪው ለቀናት ከባሕር ምግብ ይታቀባል ወይም ላቦራቶሪው የአርሴኒኩን ዓይነቶች ለይቶ ይለካል። ይህን ያልጠየቀ ሐኪም ጤነኛውን ሠራተኛ ታማሚ ሊያደርገው ይችላል።

በኪስ ውስጥ ያለው ቺፕ

በስልክ ውስጥ ያለችው ማጉያ ቺፕ ስፋቷ 1 ካሬ ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ቢሆን፣ ክብደቷ ግማሽ ሚሊግራም ያህል ይሆናል፤ እሷም በጠንካራ ሙጫ ተደፍና ተቀምጣለች። በዛላነቷ ያለች ናት፤ ስልኩን የሚነካ፣ የሚከፍት ወይም ስክሪን የሚቀይር ሰው ከእሷ የሚደርስበት ጉዳት የለም።

ሁኔታው የሚለወጠው አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ መዳቡ እንዲለቀም ሜዳ ላይ ሲቃጠል ነው። እሳቱ በበረታበት ቦታ የክሪስታሉ ትስስር ሊፈታና አርሴኒኩ ከጭሱ ጋር ሊወጣ ይችላል። ቢሆንም ለአቃጣዩና ለአካባቢው ልጆች ከዚያ ግማሽ ሚሊግራም እጅግ የሚበልጠው ስጋት በዚያው ጭስና አመድ ውስጥ ያለው ሊድ፣ ከፕላስቲኩና ከሽቦ ልባሱ የሚወጣው መርዛማ ውሁድም ነው፤ እነዚህ በቀጣዩ ምዕራፍ በስፋት ይታያሉ። የጋሊየም አርሴናይድ ዋነኛ ተጋላጮች ስልኩን የሚጠቀሙት ሳይሆኑ ክሪስታሉን የሚያበቅሉት፣ የሚሰነጥቁትና እቶኑን የሚፈቀፍቁት ናቸው።